ዌልስ በተከራየነው ቤት ቡና ቆላን፤ ከመያዣችን 120 ፓውንድ ተቆረጠ

ጥያቄዬን እዚህ የውይይት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ከዌልስ በተመለስን ማግስት፣ እሑድ ጠዋት ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር። አሁን ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከተለው ውይይት፣ ከሠላሳ መልስ አልፏል። መሐሉ ላይ ጠብም፣ ሃይማኖትም፣ ዓሣም ገብቶበታል። አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ከሚያነብ እኔው የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የእኔ ጥያቄ። ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆቻችን፣ እማዬና እኔ ከነሐሴ 11 እስከ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 17 እስከ 24 ቀን 2024 መሆኑ ነው፣ ፔምብሮክሺር ሄድን። ሶልቫ ከምትባል ትንሽ የወደብ መንደር ወጣ ብሎ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው የተከራየነው። ግድግዳው ከአንድ ክንድ በላይ ይወፍራል። ከፎቁ መስኮት ባሕሩ ይታያል። ኪራዩ ለሳምንት 1,340 ፓውንድ፣ መያዣው 200 ፓውንድ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዋጋ የት እንደሚደርስ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

ሳምንቱ ፍልሰታ ላይ ዋለ። እማዬ ደግሞ በፍልሰታ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ሰኞ፣ በቡሄ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ረከቦቱ ተዘረጋ። ቡናው ገና ጭስ ጭስ ሲል ኮሪደሩ ላይ ያለው የጭስ አላርም ጮኸ። ወዲያው የፎቁ ተከተለው፣ ከዚያ የሳሎኑ። ለካ ሁሉም የተያያዙ ናቸው። ትንሹ ልጄ ጆሮውን ይዞ ወደ ግቢው ፈረጠጠ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ አራገብኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት መስኮት እየከፈትን ቆላን፣ ዕጣናችንንም አጨስን። ቅዳሜ ቤቱን አጽድተን፣ አልጋውን አንጥፈን ወጣን። ማታ ላይ ከአከራይዋ መልእክት መጣ። መጋረጃውና የሶፋው ጨርቅ ጭስ ጭስ ስለሚል ለእጥበት 120 ፓውንድ ቆርጣለች።

እኔም ጠየቅኩ። ቡናና ዕጣን ሲጋራ ነው እንዴ? በእንግሊዝ አገር ባሕር ዳርቻ ቤት የተከራየ ሰው ባህሉን በር ላይ ጥሎ ነው የሚገባው? አዎ፣ ትንሽ አጋንኜዋለሁ።

1ኛው መልስ የሊድስ እናት ነች። በጣም ጨዋ ሴት። እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ ብላ ጀምራ፣ ደረሰኝ ሳላይ አንድ ፓውንድ እንዳልለቅ መከረችኝ። ልቤ ሞቀ። ሁሉም እንደዚህ የሚቀጥል መስሎኝ ነበር።

2ኛው ካርዲፍ የሚኖር ነው። የቡናውን ነገር ጭራሽ አልነካውም። የተናደደው እንግሊዝ አገር በማለቴ ነው። ዌልስ እንግሊዝ እንዳልሆነች፣ ካርዲፍ ውስጥ የራሷ ምክር ቤት እንዳላት፣ በ2021ዱ ቆጠራ 538,000 ያህል ሰው ዌልሽኛ እንደሚናገር ዘረዘረልኝ። የእሱ ሁለት ልጆች የሚማሩት በዌልሽኛ ነው። እኛ ብሪታንያን በሙሉ እንግሊዝ ማለት ለምዶብን እንጂ ክፋት የለውም ብዬ በ3ኛው መለስኩ። ግን ልክ ነው። ለማስታረቅ ያህል አንድ ነገር ጨመርኩ። እዚያ መንገዱ አስፋልት ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል አራፍ የሚል ይጻፋል። እማዬ ፊደል እየቆጠረች አንብባው፣ መንገዱ ዕረፍ እያለህ ነውና አንድ ቦታ አቁምልኝ ብላ አስቆመችኝ። ሻይ ጠጣን።

የካርዲፉ ሰው ሳቀ መሰለኝ፣ በ4ኛው ለስለስ ብሎ መጣ። ቃሉ ቀስ በል ማለት እንደሆነ፣ ሲነበብም አራቭ እንደሚባል አስረዳኝ። በዌልሽኛ አንድ ኤፍ ቭ ነው፣ ፍ ለማለት ሁለት ኤፍ ያስፈልጋል። ምስጋናቸው ዲዮልኽ እንደሆነና ያቺን ኽ እንግሊዞች ሲታገሏት እኛ ፊደሏ ጭምር እንዳለን ጻፈ። 5ኛው ደግሞ ፊደሏ ብትኖረንም ድምፁን በደንብ የሚያወጣው ትግርኛ ተናጋሪ እንጂ የአዲስ አበባ ልጅ አይደለም ሲል አረመው። እሱም ልክ ነው።

6ኛው ላይ ነገሩ ተበላሸብኝ። አንድ ሰው በአንዲት መስመር፣ የቤቱ ደንብ ውስጥ ስለ ሻማና ስለ እሳት የተጻፈ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ሌላ ምንም የለም። ሄጄ ውሉን ከፈትኩ። አራተኛው ገጽ ላይ ከውሻ ፀጉርና ከአሸዋማ ጫማ ቀጥሎ ተቀምጧል። ሻማ፣ ዕጣንና ማንኛውም ክፍት እሳት ክልክል ነው። ዕጣን የሚለው ቃል ራሱ አለ! ይህን በ7ኛው አመንኩ። መደበቅ ይቻል ነበር፣ ግን ምን ዋጋ አለው።

8ኛውን ሁላችሁም አንብቡት። የጻፈው በሙያው የጋዝ ቦይለር ቴክኒሻን ነው። ዕጣኑን በምን እንዳጨስን ጠየቀኝና መልሴን እንኳ ሳይጠብቅ ቀጠለ። ከሰል ከሆነ፣ ስለ መጋረጃ ሽታ የምንከራከረው ቂሎች ስለሆንን ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። አይሸትም፣ አይታይም። የጭስ አላርም ደግሞ ጭስ እንጂ እሱን አይለይም፣ ሌላ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው ድካም ይመስለውና ጋደም ይላል፣ በዚያው ይቀራል። በስተመጨረሻ አዛውንትና ሕፃን ይዤ በተዘጋ የድንጋይ ቤት ውስጥ እንዴት እንደዚህ እንዳደረግሁ ጠየቀኝ። አጠያየቁ ክብር የለውም። ግን ስድብም የለውም። ከሰል ነበር። ትንሽ ቢሆንም ከሰል ነበር።

9ኛው በእሱ ላይ ተነሳ። አያቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን በከሰል ቡና አፍልተው ማንም እንዳልሞተ፣ ፈረንጅ አገር የቆየ ሰው ሁሉ ፈሪ እንደሚሆን ጻፈ። ቴክኒሻኑ በ10ኛው ተመለሰ፣ አሁን ስለቱ ወጥቷል። አገር ቤትም በዝናብ ወቅት ከሰል ወደ መኝታ ቤት አስገብተው በዚያው ያደሩ ቤተሰቦች ዜና በየዓመቱ እንደሚሰማ አስታወሰው። የአያት ጎጆ በሣሩም በበሩም አየር ያስገባል፣ ድርብ መስታወት ያለው ቤት ግን አያስገባም። 11ኛውና 12ኛው የሁለቱ ስድድብ ነው፣ ዝለሉት።

መልሱን ሳነብ እማዬ አጠገቤ ነበረች። ምን እንደሚል ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣ ማክሰኞ ዕለት ራሷን አሟት እንደነበር፣ ግን ጾሙ መስሏት እንዳልነገረችን ነገረችኝ። ምክንያቱ እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

13ኛው ሕግ የሚያውቅ ይመስላል። ለመኖሪያ ቤት ለሚከራይ ሰው መያዣውን የሚጠብቀው ሥርዓት ለሽርሽር ቤት እንደማይሠራ አስረዳ። ያ ማለት ግን አከራይዋ ያሻትን ትቆርጣለች ማለት አይደለም። በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ አለ። ውል ላይ ያለ ቅጣት ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ አያስርም። ስለዚህ በትሕትና ዝርዝርና ደረሰኝ ጠይቅ፣ ካልመጣ አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚታይበት ፍርድ ቤት አለ፣ ግን ለ120 ፓውንድ ከመሄድህ በፊት የሻማውንና የዕጣኑን ደንብ አስታውስ የሚል ምክር ነው የሰጠኝ። ከምክሮቹ ሁሉ የተጠቀምኩበት ይህኛውን ነው።

ሐሳቤን የለወጠችው ግን 14ኛዋ ናት። ኮርንዋል ውስጥ እንዲህ ያሉ ቤቶችን የምታጸዳ የአገራችን ልጅ። ቅዳሜ የለውጥ ቀን እንደሚባል ነገረችን። እንግዳው በእነርሱ አሥር ሰዓት ጠዋት ይወጣል፣ አዲሱ ከሰዓት በአራት ይገባል። በመሐል ያለው ስድስት ሰዓት ነው፣ እሷ ደግሞ በዚያ ስድስት ሰዓት ሁለት ቤት አለባት። አንሶላ፣ ምድጃ፣ ሻወር፣ አሸዋ። አሸዋው ብቻውን ታሪክ ነው። እንዲህ በሆነበት ቀን በሩን ከፍታ የዕጣን ሽታ ቢቀበላት፣ ናፍቆት እንደሚይዛትና ወዲያው ደግሞ እንደምትራገም ጻፈች። ሽታው በመስኮት አይወጣም፣ ጨርቅ ውስጥ ይተኛል። የሚቀጥለው እንግዳ ቅሬታ ካቀረበ ተወቃሿ እሷ ናት። እኔ አከራይዋን ብቻ ነበር የማስበው። መጋረጃውን ማን እንዳወረደው አስቤ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ።

15ኛው በመኪና ስንት ሰዓት እንደፈጀብን ጠየቀ። ከለንደን ከአምስት ሰዓት በላይ፣ በኤም 4 አውራ ጎዳና። 16ኛው የሰቨርን ድልድይን ክፍያ ከፍለን እንደሆነ ጠየቀ። 17ኛው ክፍያው ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ እንደቀረ ነገረውና፣ ይልቅ ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ ዌልስ ውስጥ ሰው በሚኖርበት መንገድ የፍጥነት ወሰኑ በአብዛኛው በሰዓት 20 ማይል መሆኑን እንዳይረሳ አስጠነቀቀው። ቅጣቱን ቀምሶ ሳይሆን አይቀርም። 18ኛው የባዝ ከተማን አልፋችሁ መሄዳችሁ ያሳፍራል አለን፤ ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ ከኤም 4 ብዙ አይርቅም። ስንመለስ አስበን ነበር። ሁለቱ ልጆች መኪና ውስጥ አስታወኩና ተውነው።

19ኛዋ ልጆቹ ቡሄን እንዴት እንዳሳለፉ ጠየቀች። ይህን መናገር ደስ ይለኛል። ከአላርሙ ግርግር በኋላ ልጆቹ ዱላ ይዘው ከጎናችን ወዳለው የገበሬ ቤት ሄዱና ሆያ ሆዬ ጨፈሩ። ሽማግሌው መጀመሪያ ደንግጠው ነበር። ከዚያ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። ሙልሙል የለም፣ ሳህን ሙሉ ዌልሽ ኬክ አወጡላቸው። በብረት ምጣድ የሚጋገር፣ ዘቢብ ያለው ጠፍጣፋ ቂጣ ነው። ችግሩ ቅቤና እንቁላል አለው። ሁለቱ ትልልቆቹ በወረቀት ጠቅልለው እስከ ሐሙስ፣ እስከ ፍቺው አስቀመጡት። ትንሹ አራቱን መንገድ ላይ ጨረሰ።

20ኛው ጾም ላይ ሆነን ባሕር ዳር ዓሣና ድንች ሳንበላ እንዳልተመለስን እንደሚጠረጥር ጻፈ። ከዚያ የምታውቁት ክርክር፣ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም፣ ሦስት መልስ ፈጀ። ያልተጠበቀው ከ23ኛው መጣ። ዓሣውን ተዉት፣ ዘይቱን ጠይቁ ነው ያለው። አንዳንድ ሱቆች የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ጸጥታ ሆነ።

24ኛው ስኮመር ደሴት ሄደን ፓፊን የምትባለውን ወፍ ማየት እንደነበረብን መከረ። 25ኛው በነሐሴ አጋማሽ ስኮመር ላይ ፓፊን እንደማይገኝ፣ በጁላይ መጨረሻ አካባቢ ወደ ባሕር ተመልሰው እንደሚሄዱ አረመው። እሱ ራሱ ልጆቹን ተስፋ አስቆርጦ ተመልሷል። ይልቅ ኒውጌል ባሕር ዳርቻ የዋኘ ሰው በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መሐል እንዲቆይ አደራ አለ። እኔም እደግመዋለሁ። እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ ልጅ የሚፈነጭበት ሰፊ አሸዋ ይሆናል። ሲመለስ ደግሞ ሰው አያማክርም። የእኛ ጫማዎችና አንድ ባልዲ በዚያው ሄደዋል።

ቀጥሎ የመጣው የዚህ ክር ሁለተኛ ጠብ ነው። እማዬ በጉዞው በጣም የወደደችው ሴንት ዴቪድስን እንደሆነ ጽፌ ነበር። ሁለት ሺህ የማይሞላ ሰው ይኖርባታል፣ ግን ከተማ ትባላለች፤ በብሪታንያ ትንሿ ከተማ ናት። ካቴድራሉ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ደረጃ ወርደህ ነው የምትደርስበት። በዌልሽኛ ስሟ ቲዴዊ ነው፣ የዴዊ ቤት። ዴዊ ማለት ዳዊት ነው ብዬ ስነግራት እማዬ ቆመች። ቤተ ዳዊት ናታ! ዳዊቷን ከቦርሳዋ አወጣች። ይህ ዴዊ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የኖረ መነኩሴ ነው። ምግቡ ዳቦና ቅጠላ ቅጠል፣ መጠጡ ውኃ ብቻ እንደነበር ይተረካል። በፍልሰታ ለእማዬ ከዚህ የሚበልጥ ሰው ከየት ይመጣል። በመካከለኛው ዘመን ሁለት ጊዜ እዚያ መሳለም አንድ ጊዜ ሮም እንደመሄድ ይቆጠር ነበር። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ የእናቱ የቅድስት ኖን ምንጭ አለ። እሱን ስትወልድ ፈለቀ ነው የሚሉት፣ ለዓይን ይበጃልም ይባላል። እማዬ በላስቲክ ጠርሙስ ቀዳች።

26ኛው በዚህ ተቆጣ። አብያተ ክርስቲያናት ከተለያዩበት ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ፣ ማለትም ከ451 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተነሣ የምዕራብ ቅዱስ የእኛ እንዳልሆነ፣ ውኃውም ጸበል ሊባል እንደማይገባ፣ እናቴን ማስተማር እንደሚገባኝ ጻፈ። እናቴን! 27ኛዋ ሴት ውኃ የቀዳች አሮጊትን በጉባኤ የሚከስ ሰው መጀመሪያ የራሱን ጾም ይመርምር በማለት አስታገሰችው። 28ኛው አዋቂ ሰው ነው። የቅዱሱ ሕይወት ለጾመኛ ትምህርት እንደሚሆን፣ የቀረውን እናቴ ንስሐ አባቷን ብትጠይቅ እንደሚሻል ጽፎ ዘጋው። አስተዳዳሪውም ስለ ኬልቄዶን ሌላ ክር እንዲከፈት አዘዘ።

29ኛው የጠበቅኩት አልነበረም። እዚያው ፔምብሮክሺር፣ ሄቨርፎርድዌስት ከተማ ውስጥ በአረጋውያን እንክብካቤ የሚሠራ ሰው ነው። እኛ ለሳምንት የምንደሰትባቸው ቤቶች በመብዛታቸው እሱና ባልደረቦቹ የሚከራዩት ቤት አጥተው በየቀኑ ከሩቅ እንደሚመላለሱ ጻፈ። በብርዱ ወራት መንደሮቹ ውስጥ መብራት የሚታይባቸው መስኮቶች ጥቂት ናቸው። ለዚህም ነው ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የዌልስ ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) በሁለተኛ ቤት ላይ እስከ 300 ከመቶ ተጨማሪ የካውንስል ታክስ እንዲጥሉ የተፈቀደላቸው። ለእንግዳ የሚከራይ ቤት እንደ ንግድ እንዲቆጠር ደግሞ በዚያው ጊዜ በዓመት ቢያንስ 182 ቀን መከራየት አለበት ተባለ። 30ኛው ይህን ሰምቶ ፈረንጆቹን ሊወቅስ ሲል 31ኛው አስቆመው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘግተናቸው የመጣነው፣ ዘበኛ ብቻ የሚያድርባቸው የዳያስፖራ ቪላዎችስ ምንድን ናቸው የሚል ጥያቄ ነው ያቀረበው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም። እኔም ለቡ ያለችውን የወንድሜን ቤት አስታወስኩና ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

32ኛው የእኔ ነው። ለአከራይዋ ጻፍኩላት። ደንቡን እንዳላነበብኩ፣ ከሰል ማንደዴ ጥፋት እንደሆነ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቀጥዬ ደረሰኝ እንድትልክልኝ ለመንኩ። በማግስቱ ላከች። መጋረጃውና የሶፋው ልብስ የታጠቡበት 68 ፓውንድ ነው። የቀረውን 52 መለሰችልኝ። 120ውን ከየት እንዳመጣችው አልገለጸችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሚቀጥለው ዓመት ቡናው ግቢ ውስጥ፣ በጋዝ ምድጃ ይቆላል። ዕጣኑ ለንደን ይቆያል። እማዬ ተስማምታለች፣ ግን ፊቷን አላያችሁትም።

33ኛዋ የሊድሷ እናት ናት፣ ተመልሳ መጣች። ስለ ገንዘቡ ምንም አላለችም። የቅድስት ኖን ውኃ ምን እንደደረሰ ብቻ ጠየቀች። ጠርሙሷ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቂቤው ጎን ናት። ትንሹ ልጄ ባለፈው ሊጠጣት ሲል ተይዟል።